ኮኮናት ተመርምሯል፣ እንሰትስ?

ሐዋሳ ውስጥ የመዋቢያ ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው የኮኮናት ዘይት ሳያይ አይወጣም። ጠዋት በጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ ይታያል፤ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ቀልጦ ይጠራል። ወደ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ የሚቀልጥ ዘይት በመሆኑ የሐዋሳ አየር በአንድ ቀን ሁለት መልክ ያሲዘዋል። ሻጯ ለፀጉር ነው ትላለች። ለሕፃን ገላ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚቀር ሸንተረርም ነው። ደንበኛ ጠጋ ብሎ ሲጠይቅ ዝርዝሩ ይረዝማል፦ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ ቢዋጥ ቦርጭ ያጠፋል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ልብን ይጠብቃል። ይህን ከስልኩ ላይ አንብቦ ጠርሙሱን ለመጠጥ የሚገዛም አለ።

በዚያው ከተማ ገበያ ውስጥ ሌላ ግብይት አለ። ከገጠር የመጡ ሴቶች ከእንሰት የተሠራ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው፣ ቡላ በላስቲክ ቋጥረው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቡላ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ቤቱ አራስ ያለው ሰው ነው። «እህቴ ወልዳለች፣ ጥሩውን ስጪኝ እናቴ» ሲባሉ ሻጯ ከሥር ያለውን፣ ይበልጥ የነጣውን ያወጣሉ። የቡላ ገንፎ በቅቤ የአራስ ወገብ ያጠናል ይባላል፤ ይህን ለማመን ሲዳማ መሆን አያስፈልግም፣ አዲስ አበባም ጎንደርም ያውቀዋል። አልፎ አልፎ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፦ አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚሆን አሚቾ፣ የእንሰት ሥር። ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያ ዓይነቱ ገበያ አይወጣም፣ ከዘመድ ጓሮ ነው የሚለመነው።

ኮኮናቱና እንሰቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚጣል ነገር የላቸውም፤ ከምግብ እስከ ገመድ፣ ከጥላ እስከ መድኃኒት ይሰጣሉ። የሚለያዩበት አንድ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ኮኮናት ለየትኛው ሕመም እንደሚረዳና ለየትኛው እንደማይረዳ ተመርምሮ ታውቋል። የእንሰት መድኃኒትነት ግን እስከ ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚተላለፈው። ያንን የሚያውቁ ሰዎችም፣ ተክሎቹም እየቀነሱ ነው።

ለቆዳ አዎ፣ ለልብ አይደለም

ሐዋሳ ኮኮናት አያበቅልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ኮኮናት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይበርድ የባሕር ዳርቻ ሙቀት ይፈልጋል። በጎዳናዎቿ ላይ የቆሙት ዘንባባዎች የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ እንግዳ ነው፤ ከጠርሙሱ ጋርም የሩቅ አገር ተመራማሪዎች ሥራ አብሮ መጥቷል።

ሥራቸው ምን አሳየ? በ2003 እ.ኤ.አ. የሕንድ ተመራማሪዎች የኮኮናት ዘይት ከሱፍ ዘይትና ከነዳጅ ከሚወጣ ዘይት በተሻለ ፀጉር ፕሮቲኑን እንዳያጣ እንደሚረዳ አሳዩ፤ ምክንያቱም ግማሽ ያህሉ የሆነው ሎሪክ አሲድ የተባለ ስብ ትንሽ ስለሆነ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የፊሊፒንስ ጥናት ደግሞ ችፌ ያለባቸውን ሕፃናት ለሁለት ከፍሎ ለስምንት ሳምንት ተከታተለ። የኮኮናት ዘይት የተቀቡት ቆዳ በሌላው ዘይት ከታሹት ይበልጥ ረጠበ፣ ሕመሙም ቀለለ። የሐዋሳዋ ሻጭ ለሕፃን ገላ ነው ስትል ከኋላዋ ይህን ያህል ማስረጃ አለ።

ለሚጠጣው ግን ማስረጃው ተቃራኒ ነው። ከኮኮናት ዘይት ከአሥሩ ስምንት እጅ በላይ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ልብ ማኅበር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ ይህ ዘይት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከሌሎች የአትክልት ዘይቶች ይበልጥ እንደሚያሳድግ አረጋግጠዋል። ልብ ይጠብቃል ተብሎ በባዶ ሆድ የሚዋጠው ማንኪያ ልብን የሚጠብቅ አይደለም። የፍሬው ውኃም ልክ አለው፤ ፖታሲየሙ ብዙ፣ ሶዲየሙ ትንሽ ስለሆነ ከቀላል ድካም በኋላ ያረካል እንጂ ከባድ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ኦ.አር.ኤስ እንደሚያድነው አያድንም፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ሊጎዳበት ይችላል።

> «ይረዳል» የሚለው ቃል ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከምን ጋር ሲወዳደር የሚለው አብሮት ሲመጣ ነው መድኃኒት የሚሆነው።

ይህ ዝርዝር ከሰማይ አልወረደም። ሕንድ በካሳራጎድ የኮኮናት ምርምር ጣቢያ ያቋቋመችው በ1916 እ.ኤ.አ. ነው። ፊሊፒንስም ሆነች ሌሎች የባሕር ዳር አገሮች ኑሯቸውን የተሸከመውን ዛፍ ያጠኑት የሌላ አገር ሰው እስኪያጠናላቸው ሳይጠብቁ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ

ከሐዋሳ ተነስቶ በይርጋዓለም መንገድ ወደ ደጋው ሲወጣ ምድሩ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይለብሳል። በሸበዲኖና በዳሌ ቡናና እንሰት ተቀላቅለው ቤቶቹን ይሸፍናሉ፤ ወደ ሁላ ሲደረስ ብርዱ ቡናውን ያስቀረውና እንሰቱ ብቻውን ይነግሣል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሲሆን ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆናለች። የክልሉን ኑሮ የያዘው ግን ከከተማዋ በላይ ያለው ይህ ጓሮ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ ሲከበር በሐዋሳው ጉዱማሌ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ በየቤቱ የሚቀርበው ደግሞ ቅቤ የጠገበው የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ ነው።

እንሰት ከርቀት ሙዝ ይመስላል፤ ዘመዱም ነው። የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ጠብቆ የደረሰውን ተክል ወንዶቹ ይጥሉታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ሥራ ነው። የተነባበረውን ግንድ እየላጡ በተጋደመ ጣውላ ላይ በቀርከሃ ስንጥር ይፍቁታል። የሚቀረው ክር ቃጫ ይሆናል፣ ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ፣ ተፍቆ ተከትክቶ በጉድጓድ የሚቦካው ደግሞ ቆጮ። ከመሬት ሥር ያለው ትልቁ ሥር አሚቾ ይባላል፣ ተቀቅሎ ይበላል። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በዚህ ተክል ላይ ነው።

በከተማ ያለነው «እንሰት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ለገበሬዋ አንድ አይደለም። በሲዳማ ብቻ ከ80 የሚበልጡ ዓይነቶች በጥናት ተመዝግበዋል፤ በወላይታ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 67 ቆጥሯል። ጋንቲቻ፣ አዶ፣ ሚዳሾ እያሉ እናቶች በቅጠሉ አከርካሪ ቀለም፣ በግንዱ ነጠብጣብ፣ በሥሩ ጣዕም ይለዩአቸዋል። አንዱ ለቆጮ ብዛት፣ አንዱ ለቃጫ ጥንካሬ፣ አንዱ ለአሚቾ ጣፋጭነት ይተከላል። ጥቂቶቹ ደግሞ በጓሮው ጥግ፣ ለቤቱ ቅርብ ሆነው፣ አንድ ወይም ሁለት እግር ብቻ ይኖራሉ። እነዚህ የመድኃኒት ናቸው።

በጉራጌ ጓርየ፣ ቅብናር፣ አስታራ የሚባሉት በዚህ ይታወቃሉ፤ አስታራ የሚለው ስም በሲዳማም የተለመደ ነው። የሚነገርላቸው ጥቅም ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም ሁለቱ በሁሉም ዘንድ ይደጋገማሉ፦ የተሰበረ አጥንት መጠገንና ከወሊድ በኋላ የቀረ የእንግዴ ልጅ ማውጣት። ሁለተኛው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለላምም ይሰጣል።

ወጌሻው፣ ሐኪሙና አሚቾው

አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ቢሰበር በብዙ የሲዳማ መንደሮች መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። አጥንቱን ይመልሳል፣ በቀርከሃ ስንጥር ያስራል። ከዚያ እናቲቱ የመድኃኒቱን እንሰት ካለው ጎረቤት ትጠይቃለች፤ አሚቾው ተቆፍሮ ይቀቀልና በወተት ወይም በቅቤ ለታማሚው ብቻ ይሰጣል። ለጤነኛ ሰው አይበላም የሚሉ አሉ። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ እንዳትቀምሰው የሚያስጠነቅቁ ሽማግሌዎች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ የእንግዴ ልጅ ያወጣል የተባለ ነገር ፅንስም ሊያስወርድ እንደሚችል በራሳቸው አስተውሎት ደርሰውበታል። ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻውን ጥናት የሚገባው ይመስለኛል፤ ተክሉ ማሕፀን ላይ የሚሠራ ነገር ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም ነውና።

የአጥንት ሐኪሞች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ፊታቸው የሚከብደው በአሚቾው አይደለም፣ በማሰሪያው ነው። አጥብቆ የታሰረ ስብራት ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፣ ሥጋው ይሞታል፣ በመጨረሻም ክንዱ ወይም እግሩ ይቆረጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች ይህ የታወቀ መከራ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ትምህርት እንዲህ ያለውን ጉዳት በጉልህ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወጌሻውን ማሳደድ ሳይሆን ማሠልጠን እንደሚያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ስብራት ያለበት ሰው መጀመሪያ ራጅ ይነሳ፣ አጥንቱ በሐኪም ይመለስ፤ ከዚያ በኋላ በወተት አሚቾ ቢበላ ሐኪሙም የሚከፋ አይመስለኝም።

ዋናው ጥያቄ ግን ይቀራል። አሚቾው በእርግጥ አጥንት ያስተሳስራል? የተሰበረ አጥንት በደንብ ከተመለሰና ከተደገፈ በራሱ ይገጥማል፤ በልጅ ላይ በሳምንታት፣ በአዋቂ በወራት። ስለዚህ «በልቼ ዳንኩ» የሚል ምስክርነት፣ የተናጋሪው ቅንነት ሳይጠረጠር፣ ባይበላስ ኖሮ መቼ ይድን ነበር የሚለውን አይመልስም።

> ፊሊፒንሶች በችፌው ላይ ያደረጉትን እኛ በአጥንት ላይ ልናደርገው እንችላለን።

መንገዱ የታወቀ ነው። ተመሳሳይ ስብራት ያላቸው፣ በተመሳሳይ መንገድ የታከሙ ሁለት ወገኖች ይመረጣሉ፤ አንዱ ከተለመደው ምግብ ጋር የመድኃኒቱን አሚቾ፣ ሌላው ተራውን አሚቾ ይመገባል፤ ራጁን የሚያነበው ሐኪም ማን የቱን እንደበላ ሳያውቅ አጥንቱ የገጠመበትን ጊዜ ይመዘግባል። ከዚያ በፊት ደግሞ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ደኅንነቱ ይታያል። ሐዋሳ ለዚህ የሚያስፈልጋት ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ አላት፦ ስብራት በየቀኑ የሚቀበል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሥሩ በ1976 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ የሚጀምር ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል። ከከተማዋ እልፍ ሲባል ደግሞ በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ።

በሥሩ ውስጥ ምን አለ?

ሳይንሱ ከባዶ አይነሳም። እንሰት በፕሮቲን ድሃ ነው፤ በካልሲየምና በፖታሲየም ግን ደህና ነው፣ ሁለቱም ለአጥንት የሚያስፈልጉ ናቸው። ለወትሮው ጥቂት ለሚበላ ታማሚ ጉልበት የሚሰጥ ስታርች በወተትና በቅቤ ታጅቦ ሲቀርብለት ማገገሙ ቢፋጠን አይገርምም፤ ይህ ከሆነ ደግሞ የሚያድነው ወተቱም ጭምር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የጀርመን ኬሚስቶች ከእንሰት ውስጥ ፌኒልፌናሌኖን የተባሉ ውህዶችን ለይተው አውጥተዋል። ሙዝና ዘመዶቹ እነዚህን የሚሠሩት ከሻጋታና ከትል ራሳቸውን ለመከላከል ነው። ለተክሉ ጋሻ የሆነ ነገር ለሰው መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከኬሚስቱ ጠርሙስ እስከ ታማሚው ሳህን ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የዘረ መል ጥናቱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 51 የእንሰት ዓይነቶችን መረመሩ፤ ከእነዚህ 38ቱ የመድኃኒት ናቸው የሚባሉ ነበሩ። የአጥንት መድኃኒቶቹ በዘር ተቀራርበው ቢገኙ ኖሮ ፍለጋው በቀለለ። የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ የመድኃኒቶቹ እንሰቶች ከሌሎቹ ተለይተው አልተሰበሰቡም፣ ለአንድ ሕመም የሚውሉትም አንድ ቤተሰብ አልሆኑም።

ይህን በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ተጠራጣሪው መድኃኒትነቱ ከስሙና ከእምነቱ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ መድኃኒትነቱ በጥቂት ዓይነቶች ሳይወሰን በእንሰት ዘር ሁሉ ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላል ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም እርስ በርስ ቋንቋ የማይግባቡ ሕዝቦች፣ ጉራጌና ሲዳማ፣ ለተመሳሳይ ሁለት ሕመሞች ወደ ተመሳሳይ ተክል መሄዳቸው ነው። ዝንባሌ ግን ማስረጃ አይደለም። ለዚህ ነው ሙከራው የሚያስፈልገው።

ከጓሮው ጥግ እየጠፋ

አንድ የሲዳማ አባት ጓሯቸውን ሲያሳዩ የሚያመለክቱት ብዙ ጊዜ የነበረበትን ቦታ ነው፤ «እዚህ ጋር ነበር»። የመድኃኒቱ እንሰት በምርት አይታወቅም። መሬት እየጠበበ ሲሄድ፣ ልጆች ሲካፈሉት፣ ለገበያ ቶሎ የሚደርሰው ጫትና ባሕር ዛፍ ቦታውን ሲወስድ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። ገበሬዎች እንደሚሉት ጃርትና ፍልፈልም የሚመርጡት እነዚህን ለስላሳ ሥር ያላቸውን ነው።

ከዚያም በላይ በሽታው አለ። የእንሰት አጠውልግን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉ ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋር ለይተው ያሳወቁት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጠሉ ከመካከል ጀምሮ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ መግል ያወጣል፣ ተክሉ ይሞታል። በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄደው በአብዛኛው በቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ይተላለፋል። በመቶ እግር እንሰት ውስጥ አሥር ቢጠፋ ቤቱ ይተርፋል። አንድ እግር ብቻ ያለው የመድኃኒት እንሰት ቢጠፋ ግን ዘሩ ከነስሙ ከዚያ ቤት ይወጣል።

የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል በወላይታ የአገሪቱን የእንሰት ስብስብ ይዟል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች በማሳው ቆመዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ተክሉ ግን ያለ እውቀቱ ግማሽ ነው። የቱ አሚቾ፣ በስንት ዓመቱ፣ እንዴት ተቀቅሎ፣ ለማን እንደማይሰጥ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ ሐዋሳ ተወልደው ላደጉት የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ቆጮ ከገበያ የሚመጣ ነገር ነው።

የማን ይሆናል?

እውቀታቸውን ለተመራማሪ መንገር የማይፈልጉ አዋቂዎች አሉ፤ አልወቅሳቸውም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን ግኝት ላይ ደረሱ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን እንዶድን በሌላ የውኃ እንስሳ ላይ ለመጠቀም የባለቤትነት መብት ያወጣው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ጤፍም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት የጤፍ ዱቄት መብቱን ውድቅ ማድረጉ በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይፋ እስኪሆን ዓመታት አልፈዋል።

አገሪቱ ለዚህ ሕግ አላት። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል፤ እውቀቱ የማኅበረሰቡ እንደሆነ፣ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዳለው ይናገራል። የእንሰት መድኃኒት ምርምር ሐዋሳ ላይ ቢጀመር የመጀመሪያው ወረቀት ከቤተ ሙከራው ፈቃድ በፊት ከእነዚያ ሴቶች ጋር የሚፈረመው መሆን አለበት። በቋንቋቸው፣ በሲዳምኛ።

አንድ ሥር፣ ብዙ ፍል

እንሰትን ማብዛት ከባድ አይደለም። ለዚህ ገበሬው ዘር አይፈልግም። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነውን ተክል ከሥሩ በላይ ቆርጦ መካከለኛውን እምቡጥ ያወጣል፤ ክፍተቱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ ሥሩን መልሶ ይቀብረዋል። ዝናብ ካገኘ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ከጠርዙ ፍል ይወጣል። ከአንድ አሚቾ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ ሲቀናው ከመቶ የሚበልጡ ይገኛሉ። ሁሉም የእናታቸው ትክክለኛ ቅጂ ናቸውና የአስታራ ልጅ አስታራ ነው።

ስለዚህ በአንድ መንደር የቀረ አንድ ጤነኛ የመድኃኒት እንሰት በሁለት ክረምት ለመንደሩ ሁሉ ሊበቃ ይችላል። የሚያስፈልገው በእሳት የተለበለበ ቢላዋ፣ በበሽታው ያልተበከለ ቦታና ሥሩን ለመቅበር የሚፈቅድ ባለቤት ነው። ከፍሉ አንዱ ለጎረቤት፣ አንዱ ለአረካ፣ አንዱ ለወንዶ ገነት፣ ጥቂቱም ለሐዋሳው ሙከራ መሄድ ይችላል። ሥሩ የሚቀበረው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው።